የእናቴ እርሾ ያው ነው? ስለ ለውጥ ከጥንት ግሪኮች ማንን ልምረጥ ለምትሉ

እናቴ ከደሴ አዲስ አበባ ስትገባ ይዛው የመጣችው እርሾ አሁንም ቤታችን አለ። እንደሷ አባባል ማለቴ ነው። ጋግራ ስትጨርስ ከቡሃቃው ጥቂት ታስቀራለች፣ ያ ለቀጣዩ እርሾ ይሆናል፣ ከቀጣዩ ደግሞ ለሌላው፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሃያ ምናምን ዓመት። ከደሴ ከመጣው ዛሬ አንዲት ጠብታ መኖሯን እጠራጠራለሁ። ጤፉ ሌላ ነው። ውሃው ሌላ ነው። ቡሃቃው ራሱ ሁለቴ ተቀይሯል። በዚያ ላይ ጎረቤታችን ከዚሁ እርሾ በኩባያ ወስዳ እሷም ቤት አስቀጥላዋለች። አንድ ቅዳሜ ቡና ተፈልቶ ጨዋታ ሲደራ ጠየቅኩ፦ ይሄ እርሾ ያ እርሾ ነው? ከሆነስ የደሴው የኛ ቤቱ ነው ወይስ የጎረቤታችን?

እናቴ «ያው ነው እንጂ!» አለች፣ ሳታስብበት። ወንድሜ «ምኑ ያው ይሆናል፣ ምኑም አልቀረ» አለ። ሁለቱም ልክ መሰሉኝ።

ግሪኮች ከ2500 ዓመት በፊት የተያያዙት በዚሁ ጉዳይ ነው። ነገር ይለወጣል ስንል ምን ማለታችን ነው? የሚለወጥ ነገር ካለ እሱው ራሱ መቆየት አለበት፣ አለበለዚያ አንዱ ጠፍቶ ሌላ መጣ እንላለን እንጂ ተለወጠ አንልም። ከቆየ ደግሞ ምኑ ነው የተለወጠው? መልስ የሰጡት ብዙ ናቸው፣ መልሳቸውም አይገናኝም። ስለዚህ ማንን ላንብብ፣ ማንን ልመን ለሚል ሰው አንድ የመምረጫ መንገድ ልጠቁም። እያንዳንዱን ሁለት ነገር ጠይቁት። ነገር ሲለወጥ ምኑ ይቀራል? ይሄን መልስ ብቀበልህ ምን ታስከፍለኛለህ? ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጣል። ነፃ መልስ የሰጠ የለም።

ሄራክሊተስ፦ ስለሚፈስ የሚቆይ

ብዙ ሰው ከዚህ ይጀምራል፣ ብዙ ሰውም እዚሁ ይሳሳታል። ሄራክሊተስ የኤፌሶን ሰው ነው። ጳውሎስ መልእክት የጻፈላት ኤፌሶን ናት፣ ፍርስራሿ ዛሬ ምዕራብ ቱርክ ውስጥ ይጎበኛል። የኖረው ከክርስቶስ ልደት በፊት (ቅ.ል.ክ.) በ500 አካባቢ ነው። የጻፈውን በአርጤምስ ቤተ መቅደስ አስቀመጠው ይባላል። እኛ እጅ የደረሰው ግን ሌሎች ጸሐፊዎች ሲጠቅሱት የተረፈ መቶ ምናምን ቁርጥራጭ አባባል ነው። አባባሉ ስለሚከብድ ጥንቶቹ ራሳቸው «ጨለማው» ይሉት ነበር።

«ሁሉም ይፈሳል» የምትለዋ ዝነኛ አባባል በዚህ መልኳ ከተረፉት ቃላቱ ውስጥ የለችም። «አንድ ወንዝ ውስጥ ሁለት ጊዜ መግባት አይቻልም» የሚለውንም የምናውቀው በዋናነት ፕላቶ የሱን ሐሳብ ሲያስረዳ ካስቀመጠው ነው። የሱ የራሱ ቃል እንደሆነ በሰፊው የሚታመንበት የወንዝ አባባል ወደዚህ ይጠጋል፦ በዚያው ወንዝ በሚገቡ ሰዎች ላይ ሌላ፣ ደግሞም ሌላ ውሃ ይፈስባቸዋል። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ወንዙ ያው ነው። ሌላ የሚሆነው ውሃው ነው። እንዲያውም ውሃው መፍሰስ ቢያቆም ወንዝ መሆኑ ይቀርና ኩሬ ይሆናል። ስለዚህ ሄራክሊተስ «ምንም አይቆይም» አላለም። አንዳንድ ነገር የሚቆየው ስለሚለዋወጥ ነው ያለው።

ይሄን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው ወንዙ ሳይሆን ሌላ አባባሉ ነው፣ ብዙም ሰው አይጠቅሰውም። ግሪኮች ኪኬዎን የሚሉት መጠጥ ነበራቸው፤ የገብስ ዱቄት ወይን ወይም ውሃ ውስጥ ተበጥብጦ፣ አንዳንዴም አይብ ተፈርፍሮበት የሚጠጣ። ሄራክሊተስ ይሄ መጠጥ ካልተማሰለ ይለያያል ይላል። አሁን በሶ አስቡ። በብርጭቆ በጥብጣችሁ ወዲያው ስትጠጡት በሶ ነው። ስልክ ተደውሎላችሁ አስር ደቂቃ ብታስቀምጡት ዱቄቱ ከታች ይዘቅጣል፣ ከላይ ውሃ ይቀራል። ምንም አልተጨመረበትም፣ ምንም አልተቀነሰለትም። የጎደለው እንቅስቃሴው ብቻ ነው። በማንኪያ መልሳችሁ ስታማስሉት ተመልሶ በሶ ይሆናል። ሄራክሊተስ ዓለምን የሚያየው እንዲህ ነው። ዓለም በልክ የሚነድ፣ በልክ የሚጠፋ ሁሌ ሕያው እሳት ነው ይላል። «በልክ» የምትለዋን ቃል አትዝለሏት፣ ያለሷ ሄራክሊተስ ዝም ብሎ የትርምስ ሰባኪ ይመስላል።

የእናቴን እርሾ ቢጠየቅ ያለ ጥርጥር «ያው ነው» የሚል ይመስለኛል። እየተቀዳና እየታደሰ ስለቆየ ነው እርሾ የሆነው፣ ያንኑ የደሴውን ጠብታ በጠርሙስ ዘግታ አስቀምጣው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሻጋታ ነበር።

የሚያስከፍለውስ? ልኩ የት ጋ እንደሚያበቃ አይነግራችሁም። ወንዙ መቼ ወንዝ መሆኑን እንደሚያቆም፣ ስንት ለውጥ ሲበዛ ነገሩ ሌላ እንደሚሆን ከሱ አታገኙም። ይሄ ቀዳዳ ምን ያህል እንደሚሰፋ ለማየት ተከታዩን ክራቲለስን ተመልከቱ። አሪስቶትል እንደሚነግረን ክራቲለስ ሄራክሊተስን ወቀሰው፦ ሁለት ጊዜ ቀርቶ አንድ ጊዜም መግባት አይቻልም ብሎ። በመጨረሻ መናገር ራሱን ትቶ ጣቱን ብቻ ያንቀሳቅስ ነበር። እውነት ነው፣ ሁሉ ነገር በሁሉ በኩል ሁሌም የሚለዋወጥ ከሆነ ስም ምን ላይ ይለጠፋል? «እርሾ» ብላችሁ ሳትጨርሱ ነገሩ ሄዷል።

ፓርሜኒደስ፦ «ያለ አለ፣ የሌለ የለም»

አንድ ሰው ብቻ አንብቡ ብባል ይሄንን እላለሁ። የምስማማው ከሱ ጋር ስለሆነ አይደለም። ከሱ በኋላ የመጣው ሁሉ ለሱ መልስ ለመስጠት ሲታገል ስለምታገኙት ነው።

ፓርሜኒደስ የኤልያ ሰው ነው፤ ዛሬ ደቡብ ኢጣልያ በምንለው ባሕር ዳርቻ ግሪኮች የቆረቆሯት ከተማ ናት። ሐሳቡን የጻፈው በግጥም ነው። አንድ ወጣት በሠረገላ ተጉዞ ወደ አንዲት አምላክ ይደርሳል፣ እሷም እውነቱን ትነግረዋለች። የተረፈው ወደ 160 የሚጠጋ ስንኝ ነው። ለዚህም የምናመሰግነው በ6ኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በኋላ የኖረውን ፈላስፋ ሲምፕሊከስን ነው። መጽሐፉ በዚያን ጊዜ ብርቅ ስለሆነ ረጃጅም ክፍሎቹን እንዳለ ገለበጣቸው።

ክርክሩ አጭር ነው። ያለ አለ፣ የሌለ የለም። የሌለን ነገር ማሰብም መናገርም አይቻልም። አሁን አንድ አዲስ ነገር ተፈጠረ በሉኝ። ከምን? ካለ ነገር ከሆነ አዲስ አይደለም፣ ድሮም ነበረ። ከሌለ ነገር ከሆነ፣ የሌለ ነገር ምን ይሰጣል? ቀጥሎ በጣም የምወዳትን ጥያቄ ይጥላል፦ ከምንም የመጣ ከሆነ፣ ቀደም ወይም ዘግየት ሳይል በዚያችው ጊዜ እንዲመጣ ምን አስገደደው? መልስ ከሌላችሁ መወለድ የለም። መወለድ ከሌለ መጥፋትም የለም። ለውጥም እንቅስቃሴም እንደዚያው፣ ምክንያቱም ሁለቱም ያልነበረ ነገር እንዲኖር ይጠይቃሉ። የሚቀረው አንድ፣ ሙሉ፣ የማይነቃነቅ ህላዌ ነው። ነበር አይባልም፣ ይሆናልም አይባልም፣ አሁን ሁሉም በአንድነት አለ።

ይሄን ሳነብ መጀመሪያ የያዘኝ ንዴት ነው። ዓይኔ እያየ ቅጠል ይወድቃል! ግን ስህተቱ የት ላይ እንደሆነ ልያዝ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ የሚጠቅመው ነገር በእጁ አለ። በግሪክኛ «ኤስቲ» የምትባለው አንዲት ግስ የኛን «አለ» እና «ነው» ሁለቱንም ሥራ ትሠራለች። አሉታዋም እንዲሁ፣ «የለም» እና «አይደለም» በአንድ አፍ ይባላሉ። እኛ ግን «ቡናው ትኩስ አይደለም» እና «ቡናው የለም» ስንል ሕፃን ልጅ እንኳ አይምታታበትም። አንዱ ሲኒው ቀዝቅዟል ማለት ነው፣ ሌላው ጀበናው ባዶ ነው። እንግዲህ ነገር ሲለወጥ የሚሆነው የመጀመሪያው ነው። ትኩስ የነበረው ትኩስ አይደለም። ከ«የለም» የመጣ ነገር የለም፣ ወደ «የለም» የሄደም የለም። ፓርሜኒደስ በእርግጥ ሁለቱን አምታቷል ወይስ አላምታታም በሚለው ሊቃውንት አሁንም ይከራከራሉ። ግን ፕላቶ «ሶፊስት» በሚለው ድርሰቱ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የፈታው በዚህ በኩል ነው፦ «ያልሆነ» ማለት ፈጽሞ የሌለ ማለት ሳይሆን ከሌላው የተለየ ማለት ነው አለ። ይሄን ለማለት ስንት ገጽ እንደፈጀበት ብታዩ! በድርሰቱ የሚናገረው ሰው ራሱ የኤልያ ሰው ነው፣ አባታችንን ፓርሜኒደስን ስነካ አባት ገዳይ አትበሉኝ ብሎ ይለማመጣል።

ሁሉ ነገር በዚህ አይፈታም። ቡናው ሲቀዘቅዝ ቡናው ስላለ «ትኩስ አይደለም» እንላለን። ቡናው ራሱ፣ ሰው ራሱ፣ ሲወለድስ? «አይደለም» የሚባልበት ነገር ገና የለም። እዚያ ላይ ፓርሜኒደስ አሁንም ጥያቄውን ይዞ ቆሟል።

ዋጋው ግልጽ ነው። ዓይናችሁን፣ ጆሮአችሁን፣ የኖራችሁበትን ቀን ሁሉ ትከፍላላችሁ። የምታገኙት ደግሞ ምንም የማይነቀንቀው እርግጠኝነት ነው። ስለ እርሾው ብትጠይቁት ጥያቄውን ራሱን ይጥልባችኋል፤ «ያ» እና «ይሄ» ብሎ ነገር የለምና።

ስለዚሁ ጎራ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሜሊሰስ የሚባለው የሳሞስ ሰው «ያለ ነገር አይንቀሳቀስም» ብሎ የተከራከረ ፈላስፋ ነው። በ441 ቅ.ል.ክ. አካባቢ ሳሞስ ከአቴና ጋር ስትዋጋ የባሕር ኃይሏን መርቶ አቴናውያንን አሸንፏል። እነዚህ ሰዎች ዓለምን ያላዩ፣ ጥግ ይዘው የተቀመጡ ሰዎች አልነበሩም።

ዜኖ፦ ምርጫ ሳይሆን መፈተኛ

ዜኖ የፓርሜኒደስ ደቀ መዝሙር ነው። ፕላቶ እንደጻፈው ሁለቱ አቴና ሲመጡ ፓርሜኒደስ ወደ 65፣ ዜኖ ወደ 40 ዓመት ይሆናቸው ነበር፣ ሶቅራጥስ ደግሞ ገና ወጣት። ዜኖ አዲስ ትምህርት አላመጣም። መምህሩ ላይ ለሚስቁት «የናንተው እንቅስቃሴ ከዚህ የባሰ ያስቃል» ብሎ የሚመልስ ነው። ስለዚህ ዜኖን የምትመርጡት ለመኖሪያ አይደለም፣ ሌሎቹን ለመፈተሽ ነው።

አኪሌስና ኤሊ የሚለውን ሳትሰሙ አትቀሩም። (አሪስቶትል ኤሊ አይልም፣ «ዘገምተኛው» ነው የሚለው። ኤሊዋ ኋላ ነው የመጣችው።) አኪሌስ፣ በሩጫው የታወቀው የግሪክ ተረት ጀግና፣ ከኤሊዋ አስር እጥፍ ይፈጥናል፣ እሷ 100 ሜትር ቀድማ ትነሳ። 100 ሜትሩን ሲጨርስ እሷ 10 ሜትር ሄዳለች። አስሩን ሲጨርስ 1 ሜትር። አንዱን ሲጨርስ 10 ሳንቲ ሜትር። ማለቂያ የለውም፣ ስለዚህ አይደርስባትም ይላል። ሒሳቡን የተማረ ሰው 100 ሲደመር 10 ሲደመር 1 እያለ ማለቂያ የሌለው ድምር 111 ሜትር ከ11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ እንደሚያርፍ ያውቃል፣ እዚያ ላይ ያልፋታል። ይሄ በቂ ነው? የት ላይ እንደሚገናኙ በትክክል ይነግረናል። ማለቂያ የሌለውን ተራ እንዴት አንድ በአንድ ጨረሰው ለሚለው ግን ሌላ መልስ ያስፈልጋል። አሪስቶትል መንገዱ ማለቂያ በሌለው መልክ ሊከፋፈል ይችላል እንጂ ተከፋፍሎ የተቀመጠ አይደለም ይላል፣ ሯጩም እያንዳንዷን ነጥብ እየቆጠረ አይቆምባትም።

ከኤሊዋ ይልቅ እኔን የምታስጨንቀኝ ፍላጻዋ ናት። የተወረወረች ፍላጻ በእያንዳንዷ ቅጽበት ልክ የራሷን የሚያህል ቦታ ይዛ ትገኛለች። የራሱን የሚያህል ቦታ ይዞ ያለ ነገር ቆሟል። ጊዜ የቅጽበቶች ጥርቅም ከሆነ ፍላጻዋ በሙሉ ጉዞዋ ቆማለች። ስልካችሁን አውጡና የሚሮጥ ልጅ ፎቶ አንሱ። ፎቶው ላይ ሩጫ አታዩም፣ ያነሳውን እግር ብቻ። ሌላ ፎቶ ብትጨምሩ ሌላ የቆመ ልጅ። ሩጫው የት ነው ያለው? አሪስቶትል ጊዜ ከቅጽበቶች የተሠራ አይደለም ብሎ ከሥሩ ይቆርጠዋል። በእኛ ዘመን በርትራንድ ረስል የሚባለው እንግሊዛዊ ሌላ መንገድ ያዘ፦ መንቀሳቀስ ማለት በተለያየ ጊዜ በተለያየ ቦታ መገኘት ነው፣ ከዚያ ያለፈ ምንም የለውም። ይሄኛው ሒሳቡን ያስኬዳል፣ ግን ፍላጻዋ በቅጽበቷ ውስጥ እንደቆመች ይተዋታል። አንዱን ምረጡ ብባል ከአሪስቶትል ጋር እሄዳለሁ።

አስታራቂዎቹ፦ ቅልቅልና ፊደል

ከፓርሜኒደስ በኋላ የመጡት አንድ ብልሃት አገኙ። እሺ፣ ከምንም የሚመጣ የለም፣ ወደ ምንም የሚሄድ የለም። ግን የማይጠፉ ብዙ ነገሮች ካሉና እየተቀላቀሉ እየተለያዩ ከሆነስ?

የሲሲሊው ኤምፔዶክልስ አራት ሥሮች አሉ አለ፦ እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃ፣ መሬት። አዎ፣ እነዚያው ናቸው፣ በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት አራቱ ባሕርያተ ሥጋ ተብለው የምናውቃቸው። ፍቅር ያቀላቅላቸዋል፣ ጠብ ይለያያቸዋል። መወለድ የሚባል የለም፣ መቀላቀል ነው፣ ሰዎች ናቸው መወለድ ያሉት ይላል። ሠዓሊ ከጥቂት ቀለማት ዛፍም ሰውም ወፍም እንደሚያወጣ ሁሉ። አናክሳጎራስ ደግሞ አራት አይበቃም አለ። ፀጉር ካልሆነ ነገር ፀጉር እንዴት ይመጣል? ስለዚህ በሁሉም ውስጥ የሁሉም ድርሻ አለ። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ መልሱ ግን አላረካኝም፣ ማስረዳት የነበረበትን ሁሉ ከመጀመሪያው ውስጥ ከተተው።

ከዚህ ቡድን የምመርጠው ዲሞክሪተስን ነው። የአብዴራ ሰው ነው፣ ሐሳቡን ከመምህሩ ከሊውኪፐስ ጋር ይጋራል። ሊቆረጡ የማይችሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፣ ባዶ ቦታ አለ፣ በቃ። ጥቃቅኖቹ እያንዳንዳቸው ትንንሽ ፓርሜኒደሶች ናቸው ማለት ይቻላል፤ አይወለዱም፣ አይጠፉም፣ ውስጣቸው አይለወጥም። የሚለወጠው ቅርጻቸው ሳይሆን አሰላለፋቸው ነው። አሪስቶትል ይሄን በፊደል ያስረዳል፣ ትራጄዲም ኮሜዲም በአንድ ፊደል ይጻፋሉ ብሎ። በኛ ፊደል ከዚያ ይበልጥ ይታያል። «ለማ» ብላችሁ ጻፉ፣ ሁለቱን ፊደላት አቀያይሯቸው፣ «ማለ» ሆነ። «በራ» ብላችሁ ጻፉ፣ አቀያይሩት፣ «ራበ» ሆነ። ብርሃን የነበረው ረሃብ ሆነ፣ አንድም ፊደል ሳይወለድ ሳይሞት። ፊደሉን ራሱን ገልብጡትና ደግሞ እዩ፣ የተገለበጠ «ሀ» «በ» ይመስላል።

ሳይንስ ለሚወድ ሰው ይሄ ምርጫ ይመቻል፣ የዛሬው አተም ስሙንም የወሰደው ከነሱ ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ጣፋጭ በልማድ ነው፣ መራራ በልማድ ነው፣ በእውነት ያለው አተምና ባዶ ነው ይላል ዲሞክሪተስ። እርሾው፣ ወንዙ፣ እናቴ ራሷ ለጊዜው የተሰለፉ ጥቃቅኖች ይሆናሉ። እርሾው ያው ነው ወይ ብትሉት ጥቃቅኖቹ ሌላ ናቸው፣ አሰላለፉ ይመሳሰላል ብሎ ያቆማል። «ያው» የምንላት ቃል ከአፋችን ትወሰዳለች።

ፕላቶ፣ በአጭሩ

ፕላቶ ሁለቱንም ጎራ አከበረና ዓለምን ለሁለት ከፈለላቸው። የምናየው ይፈሳል፣ ለሄራክሊተስ ይሁን። የምናስበው፣ ፍትሕ ራሱ፣ ክበብ ራሱ፣ አይለወጥም፣ ለፓርሜኒደስ ይሁን። ሒሳብ የሚወዱ ሰዎች በዚህ መልስ ሲደሰቱ አይቻለሁ፣ ሦስት ማዕዘን አያረጅምና። እኔ ግን ከፕላቶ አንድ ገጽ ምረጥ ብባል «ሲምፖዚየም» ውስጥ ያለውን እመርጣለሁ። ሰው ከሕፃንነቱ እስከ እርጅናው አንድ ሰው ይባላል፣ ፀጉሩ፣ ሥጋው፣ አጥንቱ፣ ደሙ ግን ሁሌ እየታደሰ እየጠፋ ነው ይላል። ጠባዩም፣ ሐሳቡም፣ ፍርሃቱም። ያወቅነው እንኳ ይጠፋል፣ «መከለስ» የምንለው የጠፋው ዕውቀት ቦታ ላይ አዲስ መተካት ነው። ሟች ነገር የሚቆየው እንደ መለኮት ሁሌ አንድ ሆኖ ሳይሆን፣ አርጅቶ ሲሄድ እሱን የሚመስል አዲስ እየተወ ነው። ለእርሾ የተጻፈ ይመስላል።

አሪስቶትል፦ ለዕለት ኑሮ የምመርጠው

አሪስቶትል (384–322 ቅ.ል.ክ.) በፕላቶ ትምህርት ቤት 20 ዓመት ተቀምጧል። መጻሕፍቱ ደረቅ ናቸው፣ ይሄን አልደብቃችሁም። ግን ለፓርሜኒደስ የሰጠው መልስ እስካሁን ካየሁት ሁሉ ለኔ የሚሠራው ነው።

በየለውጡ ሦስት ነገር ፈልጉ ይላል። የሚቆየው፣ የጎደለው፣ የመጣው። ሙዚቃ የማያውቅ ሰው ሙዚቀኛ ሆነ። ሰውየው ቆየ፣ አለማወቁ ሄደ፣ ዕውቀቱ መጣ። ስለዚህ ሙዚቀኛው ከምንም አልመጣም፣ ድሮም ሙዚቀኛ አልነበረም። ፓርሜኒደስ ሁለት በር ብቻ አሳይቶን ነበር፣ «አለ» እና «የለም»። አሪስቶትል በመሃል ሦስተኛ በር ከፈተ፦ መሆን መቻል። ሜዳ ላይ የተከመረ ድንጋይና እንጨት ቤት አይደለም፣ ግን ቤት መሆን ይችላል። ውሃ ግን ቤት መሆን አይችልም። ይሄ መቻል ምንም አይደለም ልትሉ አትችሉም። እንቅስቃሴ ማለት ደግሞ ይሄ መቻል በሥራ ላይ ሆኖ ገና ሳያልቅ ነው። ድንጋዩ ተከምሮ ሳለ ግንባታ የለም፣ ጣሪያው ተመቶ ካለቀም ግንባታ የለም። ግንባታው ያለው በመሃል ነው።

መቻል የሚባል የለም፣ ሰው የሚችለው ሲሠራ ብቻ ነው የሚሉ ፈላስፎች ነበሩ፣ የሜጋራ ከተማ ሰዎች። አሪስቶትል የመለሰላቸውን እወደዋለሁ። እንግዲያው ግንበኛ መዶሻውን ባስቀመጠ ቁጥር ሙያው ይጠፋበታል፣ ጠዋት ሲነሳ ከየት መልሶ ያመጣዋል? ዓይኑን የጨፈነም ሰው በቀን ስንቴ ዕውር ሊባል ነው?

ቅዳሜ ዕለት እናቴ ክርክሩ ሲረዝምባት «ታዲያ ያቦካል አይደል?» አለች። አሪስቶትል ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሕይወት ያለው ነገር ሲያድግና ሲመገብ ቁሱ ይገባል ይወጣል፣ መልኩ ግን ይቆያል፣ በአንድ መስፈሪያ ሌላ ሌላ ውሃ እንደሚሰፈር ይላል። ነገሩ የሚታወቀው በሚሠራው ነው።

ዋጋው? አንደኛ፣ ስለሚወረወርና ስለሚወድቅ ነገር ያስተማረው ፊዚክስ ወድቋል። የሚሄድ ነገር ሁሌ የሚገፋው ይፈልጋል ብሎ ነበር፣ ጋሊሊዮና ኒውተን እንዳልሆነ አሳዩ። ለውጥ ምንድነው የሚለውን ከሱ ውሰዱ፣ ኳስ ለምን ትሄዳለች የሚለውን ተዉለት። ሁለተኛው ይብሳል፣ ወደሱ እመለሳለሁ።

ዕዳ የሚበዛበት ሰው

ይሄ ሁሉ የምሁር ጨዋታ ከመሰላችሁ አንድ ጥንታዊ ታሪክ ልንገራችሁ። የሲሲሊው ኮሜዲ ጸሐፊ ኤፒካርመስ ከጻፈው የመጣ ነው ይባላል። ሰውየው መዋጮ ሲጠየቅ «ቃል የገባሁት እኔ አይደለሁም፣ ከዚያ ወዲህ ተለውጫለሁ፣ ሌላ ሰው ነኝ» አለ። ጠያቂው መታው። ሊከሰስ ሲል «የመታህ እኔ አይደለሁም፣ ያ ሌላ ሰው ነው» ብሎ መለሰለት።

አሪስቶትል ይሄንኑ ጥያቄ ወደ ከተማ ያወጣዋል። ሰዎቿ እየሞቱ እየተወለዱ ከተማ አንድ ናት የምንለው ለምንድነው፣ ወንዝን ውሃው እየሄደ አንድ እንደምንለው ነው? አዎ ይላል፣ ሥርዓተ መንግሥቷ እስካልተለወጠ። ሥርዓቱ ከተለወጠ ሰዎቹ እነዚያው ቢሆኑም ከተማዋ ሌላ ናት። አዲሱ መንግሥት ያሮጌውን ዕዳ ይክፈል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው ብሎ ይተወዋል። መተው አልነበረበትም እላለሁ።

እንግዲህ ማንን?

ከየት ልጀምር ለሚል ሰው፣ ሄራክሊተስን ብቻውን አታንብቡ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሄራክሊተስንና ፓርሜኒደስን አንድ ላይ አንብቡ፣ ሁለቱም ተሰብስበው ከጥቂት ገጽ አይበልጡም። ከዚያ ዜኖን፣ ለመናደድ። ተፈጥሮ ሳይንስ የምትወዱ ወደ ዲሞክሪተስ እለፉ፣ ሒሳብና ሥነ ምግባር የሚስባችሁ ወደ ፕላቶ። ስለ ሰው፣ ስለ ቤት፣ ስለ አገር፣ ስለ ዕዳ የምትጠይቁ አሪስቶትል ጋ ቆዩ፣ «ፊዚክስ» የሚባለውን መጽሐፉን የመጀመሪያና ሦስተኛ ክፍል አንብቡ፣ ሌላውን ለጊዜው ዝለሉት።

አሁን የአሪስቶትል ሁለተኛው ዋጋ። መልኩ ይቆያል፣ ሥራው ይቆያል ይለናል። ግን መልኩና ሥራው አንድ የሆኑ ሁለት ነገሮች ቢኖሩስ? የኛ ቤቱም ያቦካል፣ የጎረቤታችንም ያቦካል። የግሪክ ተረት ጀግና የቴሴውስ መርከብ የሚሉት ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ቅርብ ነው። ፕሉታርክ እንደጻፈው አቴናውያን ባለ 30 መቅዘፊያውን መርከብ የበሰበሰውን ሳንቃ እየነቀሉ አዲስ እየተኩ ዘመናት አቆዩት፣ ፈላስፎች ያው ነው አይደለም እያሉ ተከራከሩበት።

እኛ ቤት ከዚህ የባሰ ነገር ደርሷል። ባለፈው ዓመት እናቴ ለቅሶ ደርሳ፣ ዘመድ ጠይቃ፣ ደሴ ሁለት ወር ቆይታ ስትመለስ እርሾው ተበላሽቶ ጠበቃት። ሽታው ከበር ይጣራ ነበር። ደፋችው። ቡሃቃውን አጥባ ፀሐይ ላይ ደፋችና ኩባያ ይዛ ጎረቤት ሄደች። ግማሽ ኩባያ ይዛ ተመለሰች፣ በሦስተኛው ቀን እንጀራ ጋገረች።

አሁንም እንግዳ ሲመጣ «ይሄ ከደሴ ይዤው የመጣሁት እርሾ ነው» ትላለች። ባለፈው እሑድ ጎረቤታችን አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። ሰማቻት፣ አላረመቻትም።